ሐዲድ፣ ጋሪ፣ ክሬን፦ ካሜራን የማንቀሳቀስ ሙያ

በፊልም ቀረጻ ላይ ካሜራ የሚንቀሳቀሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባለበት ቆሞ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች መዞር ነው፤ ለዚህ ትሪፖድ ይበቃዋል። ሁለተኛው ከቆመበት ለቅቆ መሄድ ነው። ይኸኛው መሬት መደልደል፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ጋሪ መግፋት፣ ክንድ ማንሳት ይጠይቃል፤ ዕቃውም ባለሙያውም የተለየ ነው። ጋሪው ዶሊ ይባላል፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ረጅም ክንድ ክሬን፣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ግሪፕ። ተመልካች ስማቸውን አያውቅም። ሆኖም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ገብቶ የተራመደ ያህል የሚሰማው በእነሱ ጉልበትና ጥንቃቄ ነው።

ካሜራው ሲጓዝ በቅርብ ያለው ዕቃ በፍጥነት ያልፋል፣ ራቅ ያለው ቀስ ይላል፣ አድማስ ላይ ያለው ተራራ ከናካቴው የቆመ ይመስላል። ዓይን ርቀትን ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ይህ በመሆኑ ጠፍጣፋው ስክሪን ጥልቀት ያገኛል። ዙም ይህን አይሰጥም፤ ሌንሱ ምስሉን ያጎላል እንጂ ቦታውን ስለማይለውጥ፣ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም እኩል ይተልቃሉ። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1958 እ.ኤ.አ. ለእይታ በበቃው «ቨርቲጎ» ሁለቱን ሆን ብሎ አጋጫቸው። ከፍታ የሚፈራው ሰውዬ በደረጃው መሐል ቁልቁል ሲመለከት ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ዙሙ በተቃራኒው ይሠራል፤ የምስሉ ስፋት ባለበት ሆኖ ጥልቀቱ ብቻ ይለጠጣል። ካሜራን ከነመሣሪያው በደረጃ መሐል ሽቅብና ቁልቁል ማንቀሳቀስ ከባድ ስለነበር ደረጃው በሞዴል ተሠርቶ በጎኑ ተጋደመ፣ ካሜራውም በአግድም ሄደ። ሂችኮክ ለፍራንሷ ትሩፎ እንደነገረው ለዚያች ለጥቂት ሰከንድ ለምትታይ ምስል 19 ሺህ ዶላር ወጥቷል።

ካሜራን የማንቀሳቀስ ሐሳብ ከሲኒማ እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። የሉሚዬር ወንድማማቾች የካሜራ ባለሙያ የነበረው አሌክሳንድር ፕሮሚዮ በ1896 ቬኒስ ውስጥ ካሜራውን በጎንዶላ ጀልባ ላይ አቁሞ ማኖቬላውን አዞረ፤ በቦዩ ዳር የተደረደሩት ቤቶች በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ አለፉ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራ በባቡርና በአሳንሰር ላይ ተጫነ። ይሁንና በእነዚያ ፊልሞች ካሜራው የሚሄደው ተሽከርካሪው በሄደበት ነበር፤ ታሪኩ ወደሚፈልገው ቦታ የሚሄድ ጋሪ ገና አልነበረም።

ያንን ያመጣው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ፓስትሮኔ ነው። በ1912 ለካሜራ ጋሪ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1914 ለእይታ በበቃው «ካቢሪያ» ላይም ሠራበት። በቱሪን ለፊልሙ የታነጹት ቤተ መንግሥቶችና ቤተ መቅደሶች እንደ ቲያትር መጋረጃ በጨርቅ ላይ የተሳሉ ሳይሆኑ ዙሪያቸውን የሚዞሯቸው እውነተኛ ግንባታዎች ነበሩ። ካሜራው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ቢቀር ይህ ልፋት አይታይም ነበር። ስለዚህ ጋሪው ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም በሰያፍ፣ ወደ ትዕይንቱ ይገባል፤ ዓምዶቹ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ይላቀቃሉ፣ ሰዎቹ በመካከላቸው ቦታ ያገኛሉ። በካሜራው በኩል ከሠሩት አንዱ ስፔናዊው ሴጉንዶ ዴ ቾሞን ነው። እንቅስቃሴው በጣም ዝግ ያለ በመሆኑ የዛሬ ተመልካች ላያስተውለው ይችላል፤ በዘመኑ ግን የፓስትሮኔን ጋሪ አይተው ሌሎች ፊልም ሠሪዎች ተከተሉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ «ኢንቶለራንስ» የተባለውን ፊልም ለመሥራት በሎስ አንጀለስ ትልቅ የባቢሎን አደባባይ አሠራ። የግንቡ ቁመት፣ የዝሆን ሐውልቶቹና በደረጃው ላይ የሚጨፍረው ሕዝብ በአንድ ምስል ውስጥ እንዲታዩ ፈለገ፤ ከዚያም ሳይቋረጥ ወደ ሰዎቹ መቅረብ ፈለገ። መፍትሔው በሐዲድ ላይ የቆመ ማማ ሆነ። ማማው ውስጥ አሳንሰር አለ፣ አሳንሰሩ ላይ ካሜራውን የያዘው ቢሊ ቢትዘር አለ። ሠራተኞች ማማውን ወደ ፊት ሲገፉት አሳንሰሩ እኩል ይወርዳል፤ ሁለቱ ፍጥነቶች ካልተጣጣሙ ምስሉ ይሰበራል። ዛሬ በክሬን የሚሠራው መውረድና መቅረብ ያኔ የተሠራው በዚህ ዓይነት የሰው ጉልበት ነበር።

ጀርመኖች በ1920ዎቹ ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዙት። ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው በ1924 «ዴር ሌትስተ ማን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ካሜራውን ደረቱ ላይ አሰረው፣ በብስክሌት ላይም ጫነው። ሙርናው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1927 «ሰንራይዝ»ን ሲሠራ ደግሞ በረግረጉ ትዕይንት ሐዲዱ ከመሬት ተነስቶ ከላይ ተንጠለጠለ፤ መሬቱ ጭቃና ሸምበቆ ስለሆነ ጋሪ አያሳልፍም። ካሜራው ከላይኛው ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በሸምበቆው መሐል ይከተለዋል።

ያ ነጻነት ብዙ አልቆየም። ድምፅ ሲመጣ የካሜራው ሞተር ጩኸት ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ ካሜራው ከነባለሙያው በታፈነ ሣጥን ውስጥ ተዘጋበት። ፓውል ፌዮሽ በ1929 «ብሮድዌይ»ን ሲሠራ ከካሜራ ባለሙያው ሃል ሞር ጋር ሆኖ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግዙፍ ክሬን ያሠራው በዚህ የመታፈን ዘመን ነው። ካሜራውን ብቻ የሚሸፍን ድምፅ አፋኝ ሽፋን ሲመጣ ሣጥኑ ቀረ፤ ጋሪው ግን ከዚያ ጀምሮ ሌላ ግዴታ ተጫነበት። መንሸራተት ብቻውን አይበቃውም፤ ሳይንጫጫ መንሸራተት አለበት።

የዛሬው ዶሊ ይህን ሁሉ ይዞ ያደገ ነው። በፊልም ሥራ የታወቁት የአሜሪካዎቹ ፊሸርና ቻፕማን እንዲሁም የጀርመኑ ፓንተር ናቸው። ፊሸር 10 የሚባለው ሞዴል ለብቻው ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል፤ ካሜራው፣ ባለሙያውና ረዳቱ ሲጨመሩበት ክብደቱ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። ይህ ክብደት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ከባድ ነገር በትንሽ ጉድጓድ አይነዘርም። አራቱ ጎማዎች እንደ አስፈላጊነቱ በሦስት ዓይነት ይታጠፋሉ። የኋለኞቹ ብቻ ሲታጠፉ ጋሪው ተራ ተሽከርካሪ ይሆናል፤ አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፉ ፊቱን ሳያዞር ወደ ጎን ይሄዳል፤ በሦስተኛው አሠራር ባለበት ይሽከረከራል። መሐሉ ላይ ያለው ክንድ በሃይድሮሊክ ይነሳል። ግፊቱ ከቀረጻው በፊት በፓምፕ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ሲናገር ምንም ሞተር አይነሳም፣ ክንዱ በተጠራቀመው ግፊት ዝም ብሎ ይወጣል፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ጋሪው የቱንም ያህል ቢሻል የሚሄድበት መሬት ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። የሐዲድ ዝርጋታ ከሥራው ሁሉ አድካሚው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው ቁርስ ላይ ሳለ ይጀመራል። የሐዲዱ ቁራጮች በብዛት 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ያህል ይረዝማሉ። የግሪፕ ሠራተኞች በመጀመሪያ የመሬቱን ከፍተኛ ነጥብ ያገኛሉ። ቀሪው ሁሉ ወደዚያ ከፍታ ይነሳል እንጂ ያ ነጥብ ዝቅ ሊል አይችልም፤ ከዝቅተኛው የጀመረ ሰው መጨረሻው ላይ ተነስቶ እንደገና ያፈርሳል። ውሃ ልኩ በቅድሚያ በሐዲዱ ርዝመት፣ ቀጥሎ በሁለቱ ብረቶች ላይ በአግድም ይቀመጣል። በጎደለው ሥር የእንጨት ድጋፍ ይገባል፣ በድጋፉ ላይ ሽብልቅ ይመታል። ሁለት ቁራጮች የሚገጣጠሙበት ቦታ በተለይ ይፈተሻል፤ ጎማው ያችን መጋጠሚያ ሲያልፍ የሚሰማው ትንሽ ምት በረጅም ሌንስ በተያዘ ፊት ላይ ትልቅ ዝላይ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ብረቱ ይወለወላል፣ የሚንጫጫ ከሆነ ታልክ ወይም ሲሊኮን ይቀባል። በመጨረሻ ጋሪው ባዶውን ይነዳል፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው መሬት ላይ ተንበርክኮ ከሐዲዱ ሥር የሚርገበገብ ነገር ካለ ያያል። ቤት ውስጥ ከሆነና ሐዲዱ በምስሉ ውስጥ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ወለሉ ራሱ በኮምፔንሳቶ ይነጠፋል፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ይታሸጋል፣ ጋሪው በጎማው እንደልቡ ይሄዳል።

ዝርጋታው ሲያልቅ ጋሪ ገፊው ሥራውን ይጀምራል፤ ከውጭ ለሚያይ ግን ይህ ሥራ መግፋት ብቻ ይመስላል። ወለሉ ላይ መነሻው፣ መቆሚያዎቹና መድረሻው በፕላስተር ምልክት ይደረግባቸዋል፤ የክንዱ ከፍታም እንዲሁ። ፎከስ የሚይዘው ረዳት ርቀቱን የለካው በእነዚህ ምልክቶች ስለሆነ ጋሪው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ የተዋናይዋ ዓይን ሊደበዝዝ ይችላል። ምልክት ግን ግማሽ መንገድ ነው። ተዋናይ በልምምድ እንዳደረገው ሁልጊዜ አያደርግም፤ አንዴ ዘግይቶ ይነሳል፣ አንዴ ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ በሩ ይሄዳል። ጎበዝ ገፊ የሚያየው መሬቱን አይደለም፤ የተዋናዩን ትከሻና እግር ነው። ሰው ከወንበር ከመነሳቱ በፊት ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል፤ ያችን ቅጽበት የያዘ ገፊ ክንዱን ከሰውዬው እኩል ያነሳል። ቀድሞ ካነሳ ካሜራው የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፣ ከዘገየ ጭንቅላቱ ከምስሉ ይቆረጣል። መነሻውና መቆሚያውም እንደዚሁ ናቸው። ሁለት መቶ ኪሎ የሚያልፈው ክብደት ከቆመበት ሲነሳ እንዳይገፈተር፣ ሲቆም እንዳይመታ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ መጨመርና መቀነስ አለበት፤ ይህን የሚያስተምር ማሽን የለም፣ በእጅ ይለመዳል።

ክሬን ሌላ ሒሳብ አለው። ክንዱ በአንድ ነጥብ ላይ ተደግፎ እንደ ገበያ ሚዛን ሁለት ጎን ይኖረዋል፤ በረጅሙ ጫፍ ካሜራው፣ በአጭሩ ጫፍ ማመዛዘኛ ክብደት። ለምሳሌ ካሜራው፣ ባለሙያውና ረዳቱ አንድ ላይ 200 ኪሎ ቢሆኑና ከመደገፊያው 5 ሜትር ቢርቁ፣ በኋላው ጫፍ በ1 ሜትር ከ25 ርቀት ላይ 800 ኪሎ ያስፈልጋል፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር ማለት ነው። ሚዛኑ ሲጠበቅ ግዙፉ ብረት በአንድ ሰው እጅ ይነሳል። ከዋናው ክንድ ጎን ትይዩ የሆነ ሌላ ዘንግ አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲንቀሳቀሱ የካሜራው መቆሚያ በየትኛውም ከፍታ ላይ ከመሬት ጋር አግድም ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሒሳብ ጥብቅ የሆነ የአወጣጥና የአወራረድ ሥርዓት ይመጣል። በመጀመሪያ ሰዎቹ ተቀምጠው ይታሰራሉ፤ ከዚያ ብቻ ክብደቱ ይጫናል። ሲያበቃ መጀመሪያ ክብደቱ ይወርዳል፣ ሰዎቹ በመጨረሻ። ቀረጻው አልቋል ብሎ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ቢዘል፣ ኋላ ያለው ክብደት ባልደረባውን ወደ ሰማይ ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ ከክሬን ላይ ማንም፣ ዳይሬክተሩም ጭምር፣ ያለ ግሪፕ አለቃው ቃል አይወርድም። በፊልም ሥራ ውስጥ የአዛዥነት ተዋረድ የሚገለበጥበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ መገልበጡም ትክክል ነው። ክሬን ከመቆሙ በፊት ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ መፈለግ፣ ነፋስ ሲበረታ ክንዱን ማውረድ፣ ከክንዱ ሥር ሰው አለማሳለፍም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሲሠራ ስቱዲዮው የነበረው ክሬን ሁሉ አጠረ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ስካርሌት በአትላንታ ባቡር ጣቢያ በቆሰሉ ወታደሮች መሐል ስትሄድ ካሜራው እየራቀና እየወጣ ሜዳውን በሙሉ ማሳየት ነበረበት። አዘጋጆቹ የግንባታ ክሬን ተከራዩ፤ ከባዱ ተሽከርካሪ ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ የኮንክሪት መንገድ ሠሩለት። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚታይ ምስል መንገድ መሥራት ብክነት ሊመስል ይችላል። ግን የቆሰሉት ብዛት በቁጥር ቢነገር የማይሰማውን ያ ዝግተኛ መውጣት ያሰማል።

የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» መክፈቻ በሙያው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቀስ የክሬን ሥራ ነው። ፊልሙ በ1958 ወጣ፤ ትዕይንቱ የተቀረጸው በካሊፎርኒያ ቬኒስ በሌሊት፣ በቻፕማን ክሬን፣ በራስል ሜቲ የካሜራ ኃላፊነት ነው። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ያለ ምንም ቆረጣ ይቀጥላል። በመጀመሪያ የፈንጂ ሰዓት የሚሞሉ ሁለት እጆች በቅርብ ይታያሉ። ሰውዬው ሮጦ ፈንጂውን በአንድ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የመኪናው ባለቤትና አንዲት ሴት መጥተው ይገባሉ። ካሜራው በጣሪያዎች ላይ ወጥቶ መኪናውን ከላይ ይከተላል፣ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ በእግር የሚሄዱትን ቻርልተን ሄስተንንና ጃኔት ሊን ያገኛል፤ መኪናውና ጥንዶቹ ሲቀዳደሙ ቆይተው ድንበር ኬላው ላይ ይገናኛሉ። ክሬኑ በመኪና ላይ ተጭኖ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ክንዱም በዚያው ጊዜ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ይወርዳል። ሄስተን ኋላ እንደተረከው የኬላው ጠባቂ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ንግግሩ እየጠፋበት ሌሊቱ አለቀ፤ የተሳካው የመጨረሻው ሙከራ ሲሆን ሰማዩ መንጋት ጀምሮ ነበር። ተመልካቹ ፈንጂው እንዳለ ያውቃል፣ ሰዎቹ አያውቁም። ምስሉ ቢቆረጥ ሰዓቱ የቆመ ይመስል ነበር፤ ክሬኑ ሳያቋርጥ ስለሚሄድ ሰዓቱም ሳያቋርጥ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ልማድ ያንን ክንድ የያዙት ሠራተኞች ስም በፊልም ላይ አይጻፍም ነበር።

የግሪፕ መኪና ሲከፈት የሚወጣው ዕቃ በአብዛኛው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሞርሳ፣ ቱቦ፣ ገመድ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ የአሸዋ ከረጢት። ከሁሉ የሚያገለግለው ተራ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሙሉው 51 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ግማሹ 10፣ ሩቡ 5፣ ከሁሉ ስሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። አጭር ተዋናይ ይቆምበታል፣ ጠረጴዛ ይነሳበታል፣ ሐዲድ ይደገፍበታል። ሲ ስታንድ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ብረት ደግሞ ብርሃን የሚከልለውን ጨርቅ ይይዛል። አቋቋሙ ሕግ አለው። ረጅሙ እግር ጭነቱ ባለበት አቅጣጫ ይሆናል። የአንገቱ ብሎን ክንዱ ወደሚያመለክትበት ለዞረ ሰው በቀኙ መዋል አለበት፤ ያኔ ጨርቁ ወደ ታች ሲጎትት ብሎኑን ያጠብቀዋል፣ በግራ ከሆነ ይፈታዋል። ከረጢቱ ረጅሙ እግር ላይ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል። በአሜሪካ ይህ የብርሃን ክለላ የግሪፕ ሥራ ነው፤ በእንግሊዝ ግን ግሪፕ ካሜራውን ማንቀሳቀስ ብቻ ይዞ ክለላውን ለመብራት ሠራተኞች ይተዋል።

ገንዘብ የሌላቸውም መንገድ አላጡም። ዣን ሉክ ጎዳር በ1960 የወጣውን «አ ቡ ደ ሱፍል» ሲሠራ የካሜራ ባለሙያውን ራውል ኩታርን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሱ ገፋው። ሚካኢል ካላቶዞቭና የካሜራ ባለሙያው ሰርጌይ ኡሩሴቭስኪ ደግሞ በ1964 በወጣው «ሶይ ኩባ» ዛሬም የሚያስደንቅ ሥራ ሠሩ። በሀቫና ጎዳና የቀብር ሰልፍ ይሄዳል፤ ካሜራው ከሕዝቡ መሐል ተነስቶ በሕንጻ ጎን ሽቅብ ይወጣል፣ መንገዱን ተሻግሮ ሲጋራ የሚጠቀለልበት ክፍል ይገባል፣ ሠራተኞቹ ባንዲራ ወደ መስኮቱ ሲዘረጉ እሱም በመስኮቱ ወጥቶ በሰልፉ ላይ በአየር ይሄዳል። ያኔ በሰው አካል ላይ የሚታጠቀው ስቴዲካምም ድሮንም የለም። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ በመጨረሻም በተዘረጋ ሽቦ ላይ እየተንጠለጠለ ነበር የሄደው።

እንቅስቃሴ ግን ሁልጊዜ ምርቃት አይደለም። በ1960 ጂሎ ፖንቴኮርቮ በሠራው «ካፖ» አንዲት የናዚ ካምፕ እስረኛ በኤሌክትሪክ አጥር ላይ ራሷን ትጥላለች፤ ጋሪው ወደ ሬሳዋ ይቀርብና ምስሉን ያስተካክላል። ዣክ ሪቬት በ1961 በካዬ ዱ ሲኔማ መጽሔት በጻፈው ሒስ ያንን አንድ እንቅስቃሴ አጥብቆ አወገዘ፤ በሰው ሞት ላይ ለውበት ሲባል ካሜራ መግፋት ነውር ነው አለ። ከዚያ በፊት በ1955 አላን ሬኔ «ሌሊትና ጭጋግ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ሐዲዱን በአውሽቪትዝ ፍርስራሽ ላይ ዘርግቶ ነበር። እዚያ ጋሪው ሣር የበቀለበትን ሜዳና ባዶ አልጋዎችን በአንድ ዓይነት ዝግታ ያልፋል፣ አንዱንም መርጦ አያስውብም። ዕቃው አንድ ነው፤ ሪቬት የተከራከረው ዓላማው ላይ ነው፣ ክርክሩም ተገቢ ነበር።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ሁለት ፈጠራዎች ሙያውን ለወጡት። ጋሬት ብራውን የሠራው ስቴዲካም ካሜራውን በሰው አካል ላይ በስፕሪንግ ክንድ አንጠልጥሎ የእርምጃን ንዝረት ያጠፋል። በ1976 በወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ብራውን ስቴዲካሙን ታጥቆ በክሬን ላይ ተቀመጠ፤ ክሬኑ ወደ መሬት ሲያወርደው ሳይቋረጥ ተነስቶ በ900 ያህል ሰዎች መሐል በእግሩ ሄደ። ከላይ የተነገረው የሚዛን ሕግ ያኔ በግሪፖች ላይ ምን እንደጫነባቸው መገመት ይቻላል፤ ካሜራው እየሠራ ሳለ ከክንዱ ላይ አንድ ሰው መነሳቱ ነው።

ሁለተኛው ፈጠራ ሰውን ከክሬን ላይ ጨርሶ አወረደው። ፈረንሳያውያኑ ዣን ማሪ ላቫሉና አላን ማስሮን ሉማ ክሬንን ሲሠሩ ካሜራው ብቻ ጫፉ ላይ ቀረ፤ ባለሙያው መሬት ላይ ተቀምጦ በቪዲዮ ስክሪን እያየ ይመራዋል። ሮማን ፖላንስኪ በ1976 በ«ዘ ቴናንት» ተጠቀመበት። ጫፉ ሲቀል ክንዱ ሊረዝምና በጠባብ መስኮት ሊያልፍ ቻለ። ቀጥሎ ሆርስት ቡርቡላ ቴክኖክሬንን አመጣ፤ ክንዱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይረዝማል ያጥራል፣ ማመዛዘኛ ክብደቱም አብሮ በራሱ ይሸሻል ይቀርባል። ስለዚህ ሐዲድ መዘርጋት በማይቻልበት ገደል ወይም ውሃ ላይ ካሜራው ቀጥ ብሎ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ2005 ቡርቡላን፣ ላቫሉን፣ ማስሮንንና ከሁለቱ ፈረንሳያውያን ጋር የሠራውን ዴቪድ ሳሙኤልሰንን ሸልሟቸዋል።

ጊምባልና ድሮን በርካሽ መገኘታቸው ሐዲዱን አላስቀረውም። ጊምባል የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል፤ ተሸካሚው ሲራመድ ከፍ ዝቅ ማለቱን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ በቅርብ በተያዘ ፊትም ላይ ይታያል። ድሮን ደግሞ ስለሚጮህ ከንግግር ጋር አይቀረጽም። በተጨማሪም ተዋናዩ አሥር ጊዜ ቢደግም ካሜራው አሥር ጊዜ በአንድ መስመር፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ርቀት እንዲሄድ የሚያደርገው የተዘረጋ ብረት ነው። ስለዚህ ንግግር ባለበት ትዕይንት፣ በተለይ ካሜራው ወደ አንድ ሰው ፊት በጣም ቀስ ብሎ እንዲቀርብ ሲፈለግ፣ ዛሬም ውሃ ልክና ሽብልቅ ከመኪናው ይወርዳሉ።